ስቴሮይድ ለዓመታት፦ መቀጠል፣ መቀነስ ወይስ በሌላ መተካት?

ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ኪኒን የጀመርኩ ሰሞን ነፍስ ዘራሁ። ከዚያ በፊት ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ጣቶቼ እንደተቋጠሩ ያድራሉ። የሸሚዝ ቁልፍ የሚቆልፍልኝ ሌላ ሰው ነበር። ኪኒኑን በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ቁልፉን ራሴ ቆለፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ቁም ሣጥን አስተካክል ነበር። ጉንጬ ሞላ። ያየኝ ሁሉ «ምነው፣ ተመችቶሻል!» ይለኝ ጀመር። አልተመቸኝም፤ አብጬ ነው።

የእኔ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፤ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ። የሌላው ሉፐስ ይሆናል፣ ወይም ፖሊማያልጂያ። ስሙ ቢለያይም ይዋል ይደር እንጂ ሁላችንም አንድ ጥያቄ ላይ እንደርሳለን፦ ይህን ኪኒን እስከ መቼ ነው የምውጠው? ብዙ ሰው ነገሩን «ልውሰድ ወይስ ልተው» አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ምርጫው እዚያ ላይ ነው አልልም። ምን ያህል፣ እስከ መቼ፣ ከምን ጋር፣ እንዴትስ ይቆማል? የሚያከራክረው ይሄ ነው። ሲጀመር ማቆሚያው ያልታሰበበት ስቴሮይድ ዓመታት ይቆያል። ሐኪሙም በሽተኛውም «አሁን ደህና ነው» እያሉ ሳያስቡት ይቀጥላል።

ችግሩ የቆየ ነው። በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ፣ በማዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች የተባለ ሐኪም ሩማቶይድ አልጋ ላይ ላዋላት አንዲት ሴት ኮርቲዞን የተባለውን ስቴሮይድ ሰጣት። በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። በ1950 ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ሰው የሚረሳው የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ነው። የሚሰጠው መጠን ትልቅ ስለነበር ጉዳቱ ቶሎ ብቅ አለ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ደግሞ በሽታው ተመልሶ መጣ።

መጀመሪያ የበሽታውን ስም እወቁ

«ቁርጥማት አለብህ» ተብሎ ብቻ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው አውቃለሁ። ይሄ አያዋጣም። የበሽታው ስም ምርጫችሁን ግማሽ ያህል ይወስነዋል።

ፖሊማያልጂያ ሩማቲካ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የሚይዝ፣ ጠዋት ጠዋት ትከሻንና ዳሌን አላላውስ የሚል በሽታ ነው። እዚህ ዋናው ሕክምና ራሱ ስቴሮይድ ነው። በ2015 የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሕክምና) ማኅበራት በጋራ ባወጡት ምክር መሠረት በቀን ከ12.5 እስከ 25 ሚሊግራም ፕሬድኒሶን (የፕሬድኒሶሎን እኩያ) ይጀመራል። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ 10 ይወርዳል። ከዚያ በየ4 ሳምንቱ 1 ሚሊግራም ይቀነሳል። አስሉት እስቲ፤ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚወስድ ሞልቷል። ስለዚህ «ጎረቤቴ በወሩ አቆመ» ብላችሁ አትናደዱ። ጎረቤታችሁ ሌላ በሽታ ይሆናል ያለበት።

የፖሊማያልጂያ ዘመድ የሆነ አንድ በሽታ አለ፤ ጃያንት ሴል አርተራይተስ ይባላል። የጭንቅላት ደም ሥሮች ይቆጣሉ። አዲስ ዓይነት ራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የሚያም መንጋጋ፣ ብዥታ ወይም ለአፍታ የሚጠፋ እይታ ከመጣ እዚህ ላይ ማነጻጸር የለም። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ40 እስከ 60 ሚሊግራም ይጀመራል። የጠፋ ዓይን አይመለስምና።

በሩማቶይድ ግን ስቴሮይድ ማሻገሪያ ነው። ዋናው መድኃኒት እስኪይዝ ድረስ ያሻግራል፣ ከዚያ ይወጣል። ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነው። በሉፐስ መሠረቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለ መድኃኒት ሲሆን፣ በ2023 የወጣው የአውሮፓ ምክር ስቴሮይዱ በቀን ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ሲቻልም እንዲቆም ይላል። አከርካሪን ለሚይዘው አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ ስቴሮይድ ጭራሽ አይመከርም። ለዚህ በሽታ ወራት ሙሉ ፕሬድኒሶሎን እየወሰዳችሁ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ትንሿን መጠን ይዞ መቆየት ወይስ ጨርሶ መውጣት?

ዋናው ክርክር ይሄ ነው። በሽታው ጋብ ብሏል፣ 5 ሚሊግራም ላይ ናችሁ፣ ደህና ትሆናላችሁ። ታዲያ ምን ያስነካል?

ሊቃውንቱም ተስማምተው አልጨረሱም። የአሜሪካው ማኅበር በ2021 ባወጣው የሩማቶይድ መመሪያ ከተቻለ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ስቴሮይድ ባይጀመር ይመርጣል። የአውሮፓው የ2022 ምክር ለማሻገሪያ ይሁን፣ ግን በተቻለ ፍጥነት ይውጣ ይላል። የሁለቱም ዝንባሌ ወደ መውጣቱ ነው።

ጥናቶቹን ሳይ ግን ነገሩ እንዲህ ጥርት ያለ አይደለም። በ2022 ይፋ የሆነው ግሎሪያ የተባለ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የሩማቶይድ ሕመምተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ግማሾቹ በቀን 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ይወስዱ ነበር። ስቴሮይድ የወሰዱት ሕመማቸው ቀለለ፤ የመገጣጠሚያ ጉዳታቸውም አነሰ። በሌላ በኩል ጥናቱ በተለይ ከሚከታተላቸው ችግሮች ቢያንስ አንዱ የገጠማቸው ከወሰዱት 60 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 49 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው ቀላል ኢንፌክሽን ነው። እንግዲህ 5 ሚሊግራም መርዝ አይደለም። ነፃም አይደለም።

ሁለተኛው በ2020 የወጣው ሰሚራ ነው። ቶሲሊዙማብ የተባለውን ባዮሎጂክ (ከሕያው ሴል የሚሠራ) መድኃኒት እየወሰዱ በቀን 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶን ላይ ያሉ፣ በሽታቸው የተረጋጋ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ቀጠለ፤ ሌላው በ16 ሳምንት ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ወረደ። ከቀጠሉት 77 በመቶው፣ ካቆሙት 65 በመቶው በሽታቸው ሳያገረሽ ቆዩ። ይህን ቁጥር በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። «ማቆም ያገረሻል» ብሎ የሚያነብ አለ። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ዋናው መድኃኒት ከሠራ፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል ያንን 5 ሚሊግራም ሳያስፈልጋቸው ነበር የሚውጡት።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ይሄ ነው። በሽታው ቢያንስ ለጥቂት ወራት ከተረጋጋና ከጀርባው የሚሠራ ሌላ መድኃኒት ካለ፣ ለመውጣት መሞከር ይሻላል። ስኳር፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት)፣ የሳሳ አጥንት ወይም የሚመላለስ ኢንፌክሽን ካለባችሁ ደግሞ ሙከራው ቀደም ይበል። ሁለት ሦስቴ ተሞክሮ በየጊዜው ካገረሸ፣ ሌላው መድኃኒትም ካልተስማማ፣ 5 ወይም ከዚያ በታች ላይ መቆየት ሽንፈት አይደለም። አንዳንድ ሰው በዚህ ያፍራል፤ ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም።

10 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ላይ ለወራት መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። መጠኑ አልወርድ ካለ ዋናው መድኃኒት አልሠራም ማለት ነው። ያኔ የሚቀየረው እሱ ነው።

በሌላ መተካት፦ ትዕግሥት የሚጠይቀው መንገድ

ስቴሮይድን ለመቀነስ የሚሰጡ መድኃኒቶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ቀርፋፋ ናቸው። ፕሬድኒሶሎን በሰዓታትና በቀናት ይሠራል። ሜቶትሬክሴት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወራት ይፈልጋል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ገና ሳይጀምርለት ነው።

ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በሳምንት። በየቀኑ በስህተት የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። እኔ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሳጥን ላይ «በቀን አንድ ጊዜ» ተብሎ በእስክርቢቶ ተጽፎ ነበር። የሐኪሙን ወረቀት አውጥቼ ሳመሳክር ነው የተያዘው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሳጥን ላይ በራሴ እጅ ወፍራም አድርጌ «ሐሙስ» ብዬ እጽፋለሁ። ከእሱ ጋር ፎሊክ አሲድ ይሰጣል፤ ጉበትና የደም ሴል በየጊዜው ይመረመራል። እርግዝና ካሰባችሁ ሜቶትሬክሴትም ሌፍሉኖማይድም አይሆኑም፤ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝና ጊዜም ይሰጣሉ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለዓመታት ከተወሰደ የዓይን ክትትል ይፈልጋል።

ቀጥሎ ባዮሎጂኮቹ አሉ። ከነሱ በፊት የቲቢና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግድ ነው፤ ተኝቶ የቆየ በሽታ ሊቀሰቅሱ ይችላሉና። ውድ ናቸው፣ ብዙዎቹም መርፌ ናቸው። ስቴሮይድን ለማስወጣት ግን ጉልበት አላቸው። ቶሲሊዙማብ ለጃያንት ሴል አርተራይተስ በ2017፣ ሳሪሉማብ ለፖሊማያልጂያ በ2023 በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ተፈቅደዋል። ፖሊማያልጂያ ይዞት ስቴሮይዱ አልወርድ ላለ ሰው ይሄ ትልቅ ዜና ነው፤ ቀድሞ አማራጩ ጥቂት ነበር።

ሰው ሜቶትሬክሴትን ከፕሬድኒሶሎን አብልጦ ይፈራል። ወረቀቱን ሲያነብ «ካንሰር» የሚል ቃል ያያል፤ በቃ። ፍርሃቱ ቢገባኝም ልኩን የያዘ አይመስለኝም። ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው መጠን ለካንሰር ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። የሜቶትሬክሴት ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና ሳይጎዳ በደም ምርመራ ይታያል። የስቴሮይድ ጉዳት ግን ድምፅ የለውም። አጥንት እየሳሳ አያምም። የሚታወቀው ሰው እንቅፋት መትቶት ወድቆ ሲሰበር ነው።

ኪኒን ወይስ መርፌ?

የተቆጣው አንድ ጉልበት ወይም አንድ ትከሻ ብቻ ከሆነ፣ ሙሉ ሰውነትን በኪኒን ከማጥለቅለቅ እዚያው መገጣጠሚያ ውስጥ መወጋት ይሻላል። በዚያው መገጣጠሚያ ላይ ግን ብዙ ሐኪሞች በዓመት ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ በላይ አይደጋግሙም። ስኳር ያለበት ሰው ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ሊወጣ እንደሚችል ይወቅ።

ጡንቻ ላይ የሚወጋ ሜቲልፕሬድኒሶሎንም አለ። ለፖሊማያልጂያ በየ3 ሳምንቱ 120 ሚሊግራም ተሰጥቶ እየተቀነሰ የሚሄድበት አሠራር በ2015ቱ ምክር ውስጥ በአማራጭነት ተቀምጧል። ጥቅሙ የሚገባው መጠን የታወቀ መሆኑ ነው። «ዛሬ አሞኛል፣ አንድ ልጨምር» የሚባል ነገር የለም። ጉዳቱ ከገባ በኋላ አይወጣም። እንቅልፍ ካሳጣችሁ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

ቀን ዘሎ መዋጥን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ለእኛ ዓይነት በሽታ ብዙም አያስመሰግንም፤ በተዘለለው ቀን ግትርነቱ ይመለሳል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ከምግብ ጋር። ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ፣ ኮርቲሶልን፣ በብዛት የሚያመነጨው ጠዋት ስለሆነ ከእሱ ጋር ይገጥማል፤ እንቅልፍንም ያን ያህል አይነካም።

የስቴሮይዶቹን ዓይነት በተመለከተ መጠናቸው እንደማይመሳሰል ካወቃችሁ ይበቃል። 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ከ4 ሚሊግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ ከ20 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን፣ ከ0.75 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ጋር እኩል ነው። ዴክሳሜታዞን በሰውነት ውስጥ ረጅም ስለሚቆይ ለየቀኑ፣ ለዓመታት የሚሆን አይደለም። በነገራችን ላይ «ከተፈጥሮ ዕፅ የተሠራ» ተብሎ የሚሸጥ የመገጣጠሚያ ኪኒን በሁለት ቀን ካስነሳችሁ ተጠራጠሩ። በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ማሟያ ተብለው በሚሸጡ አንዳንድ የመገጣጠሚያ ምርቶች ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞን እንደተገኘ አስጠንቅቆ ነበር።

ለመቆየት ከመረጣችሁ

አጥንት መጀመሪያ። ስቴሮይድ አጥንትን ዓመታት ጠብቆ አይደለም የሚነካው፤ ስብራቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ መጨመር ይጀምራል። የአሜሪካው ማኅበር በቀን 2.5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከ3 ወር በላይ የሚወስድ አዋቂ ሁሉ የስብራት ስጋቱ እንዲገመገም ይመክራል። ካልሲየም ከምግብ ጋር ተደምሮ በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ዲ ከ600 እስከ 800 ዩኒት። ስጋቱ ከፍ ላለ ሰው እንደ አሌንድሮኔት ያለ የአጥንት መድኃኒት ይጨመራል። «አጥንቴን ማን ነው የሚያየው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እስክጠይቅ ድረስ ማንም አላየውም ነበር።

ስኳር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጠዋት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን የሚያወጣው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ነው። በባዶ ሆድ ጠዋት ተለክታችሁ «ንጹሕ ነው» ልትባሉ ትችላላችሁ። ከምሳ በኋላም ይለካ።

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። ዓይን በዓመት አንዴ፣ ለሞራ ግርዶሽና ለግላኮማ። የደም ግፊት። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ከስቴሮይድ ጋር ሲደረቡ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ግድ ከሆነ የጨጓራ መከላከያ ይጨመር። መጠናችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ሕያው ተሕዋስ ያለበት ክትባት ከመወሰዱ በፊት ሐኪም ይወቅ። ብሽሽት አካባቢ የማይለቅ አዲስ ሕመም ከመጣ «ያው በሽታዬ ነው» አትበሉ፤ ስቴሮይድ የዳሌን አጥንት ደም አሳጥቶ ሊገድለው ይችላል።

ለመውጣት ከመረጣችሁ

ከላይ ከ20 ወደ 10 መውረድ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። አስቸጋሪው ከ5 በታች ነው። ሰውነት በራሱ የሚያመነጨው ኮርቲሶል በፕሬድኒሶሎን ሲመነዘር ወደ 5 ሚሊግራም ይጠጋል። ሳምንታት ከውጭ ሲገባለት አድሬናል የሚባለው እጢ ሥራውን ይተዋል፤ እንደገና እስኪነቃ ወራት ሊወስድበት ይችላል። በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከተቻለ ባለ 1 ሚሊግራም ኪኒን ይታዘዝላችሁ። ባለ 5ቱን በቢላ እየከፈሉ 4 ሚሊግራም ማግኘት አይቻልም፤ እኔ ሞክሬ ጠረጴዛዬ ላይ ዱቄት ነው የቀረው። ሽፋን ያለው ዓይነት ደግሞ ጨርሶ አይቆረጥም።

መጠን በተቀነሰ ቁጥር የሚመጣው ሕመም ሁሉ ግርሻ አይደለም። እኔ በደብተር እለያቸዋለሁ። ሁለት አምድ አለው፦ «ጠዋት ስንት ደቂቃ ተያዝኩ?» እና «የት?»። በተቀነሰ በጥቂት ቀን ውስጥ መጥቶ መላ ሰውነትን የሚያደክም፣ እዚህም እዚያም የሚያም፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት የሚበርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመቀነሱ ነው። የጠዋቱ ደቂቃ ከቀን ቀን ከጨመረ፣ ሕመሙም የታወቀው ቦታ ላይ ከተቀመጠ፣ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ያኔ ግርሻ ነው። የቁጣውን መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራም፣ ማለትም ሲአርፒው፣ ብዙ ጊዜ ይናገራል። ግርሻ ከሆነ ወደ ነበራችሁበት የመጨረሻ መጠን ትመለሳላችሁ፤ ከ20 መጀመር የለም።

ሌላ ዓይነት ምልክትም አለ። የማይለቅ ድካም፣ ሲነሱ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ክብደት መቀነስ። ይሄ እጢው አለመንቃቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ጠዋት በሚወሰድ የኮርቲሶል ምርመራ ይታያል።

ትኩሳት ሲይዛችሁ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲኖራችሁ ስቴሮይዱ አይቆምም፤ እንዲያውም ለጊዜው ሊጨመር ይችላል። በምን ያህል እንደሚጨመር ሳትታመሙ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ያዙት። የሚያስመልሳችሁና ኪኒኑ ሆድ ውስጥ አልቆይ ካለ ቤት ተቀምጣችሁ አትጠብቁ፤ መርፌ ያስፈልጋችኋል፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ራሳችሁን ብትስቱ የሚያገኛችሁ ሰው እንዲያውቅ ደግሞ ስቴሮይድ እንደምትወስዱ የሚገልጽ ካርድ ያዙ። የእኔ ከመታወቂያዬ ጀርባ ነው ያለው። ይህን ስጽፍ አውጥቼ አየሁት፤ 7.5 ሚሊግራም ይላል። እኔ ያለሁት 4 ላይ ነው። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።